ሟርተኛ ያሏት መምህርት

የረውዳን መሞት የሰማሁት ወልቂጤ መናኸሪያ፣ የጉብሬው ሚኒባስ እስኪሞላ ውስጡ ተቀምጬ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ምሕረት ነበረች። ምሕረት የጉንችሬ ልጅ ናት፤ ቡታጅራ በነበረው ትንሽ ኮሌጅ እኔ ታሪክ፣ ረውዳ ጂኦግራፊ ያስተማርናት፣ ዛሬ እሷም በተራዋ መምህር የሆነች።

“ቲቸር፣ ቲቸር ረውዳ አርፋለች” አለችኝ። “ስኳሩ ነው። ዛሬ ጠዋት አገሯ ወስደው ቀበሯት።”

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ፣ ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ “ነፍስ ይማር። ማን ናቸው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ስሟን ሲሰሙ ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ “ያቺ የቡታጅራዋ? መሬቱ ይከፈታል ያለችው?” አሉ። አዎ አልኳቸው። “እንግዲህ እግዜር ይማራት” ብለው ዘንቢላቸውን አነሱ፤ ወደ ኋላ ወንበር ሄደውም ተቀመጡ። ሬሳ የያዝኩ ይመስል።

ስለ ረውዳ መጻፍ ያሰብኩት ያኔ፣ ያ ባዶ ወንበር አጠገቤ እንደቀረ ነው።

የመስቃን ገበሬ ልጅ ነበረች። አባቷ በርበሬ ያመርታሉ፤ በቤታቸው የሚነገረው ጉራጊኛ ስለነበር አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። እያስተማረች ቃል ሲጠፋት አትደነግጥም። እጇን ከፍ አድርጋ “ቆዩ” ትላለች፤ ክፍሉ ሁሉ አብሯት ይጠብቃል። ቃሉ ሲመጣ ተማሪው አብሯት ያገኘው ስለሚመስለው አይረሳውም። ቀጭን ረዥም ሴት ናት። ሻርፗ ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ነው። የማታውቀው ቤት ስትገባ ከሰላምታ በፊት መዳፏን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች፤ እናት የልጇን ግንባር ለትኩሳት እንደምትዳስሰው።

“እስቲ እንየው” የዘወትር ቃሏ ነበር። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስንከራከር፣ ስለ ወንዝም ይሁን ስለ በርበሬ ዋጋ፣ “እስቲ እንየው” ብላ ትነሳለች፤ እኛ ሻያችንን ይዘን እንቀራለን። ተማሪ “ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?” ካላት፣ ሳትስቅ “ይመጣል” ትላለች። “ፈተናው መቼ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።”

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎቿን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሀረ ሸይጣን ትወስዳቸው ነበር። በገደል የተከበበ፣ ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሐይቅ ነው፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው። ሰው የወረወረው ድንጋይ ውሃው ላይ አይደርስም ይባላል። አንድ ዓመት አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ልጆቹ ድንጋይ ወርውረው ሲደክማቸው አንዱ፣ “ቲቸር፣ እውነት ሰይጣን አለበት?” አላት።

“ሰይጣኑን አላየሁትም” አለች። ከገደሉ ጫፍ ቁልቁል እያየች ነበር። “ይሄ ቦታ ግን አንድ ጊዜ ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበት ነበር ይሆናል። አንድ ቀን መሬቱ ሐሳቡን ለወጠ።”

እኔ የጥያ ልጅ ነኝ። ያደግሁት ማን እንዳቆማቸው በማይታወቅ ትክል ድንጋዮች አጠገብ ነው፤ ጥንታዊ ነገር አያስፈራኝም። የዚያን ቀን ግን ከገደሉ ጫፍ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ኮሌጁ ከቡታጅራ በስተምሥራቅ፣ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። የመሠረቱት፣ ዲንም ሆነው የሚመሩት አቶ ታምራት ናቸው። መርካቶ ከአባታቸው የወረሱትን ሱቅ ሸጠው ነው ያቋቋሙት። ሌሎቹ የግል ኮሌጆች አካውንቲንግና ነርሲንግ ሲያስተምሩ፣ እሳቸው ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ አሉ። ነጋዴ ጓደኞቻቸው ይስቁባቸው ነበር። “ሰው ሒሳብ ብቻ ከተማረ ምኑን እንደሚቆጥር አያውቅም” ይሉ ነበር እሳቸው። እወዳቸው ነበር። ይህን የምለው በኋላ የሆነውን የሚያነብ ሰው ክፉ አድርጎ እንዳይስላቸው ነው።

ኮሌጁ በየዓመቱ እየሳሳ ሄደ። የፍልስፍናው ክፍል ተዘጋ፣ ሥነ ጽሑፍ ተከተለ። የቀሩትን ተማሪዎች ያቆየው የሴቶች ማደሪያው ነው። ከእነሞርና ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ልጃገረዶች ወላጆች፣ ልጄ ግቢ ውስጥ ታድራለች ብለው ነበር የሚልኩልን። ማደሪያው ከእግር ኳስ ሜዳው አጠገብ፣ በግቢው ዝቅተኛ ጫፍ የተሠራ ረዥም ቤት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ሜዳውን ይነካሉ።

ስንጥቁን መጀመሪያ ያየችው ረውዳ ናት። ክረምት መግቢያ ላይ፣ ጣት የማያስገባ ቀጭን መስመር ሜዳውን አቋርጦ ወጣ፤ የጉንዳን መንገድ ነበር የሚመስለው። ከሁለቱም ወገን ችካል ተክላ በየሳምንቱ ተማሪዎቿን እያመጣች ታስለካቸው ጀመር። እኔም አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ጠራችኝ። ዝናብ አባርቶ ከዘቢዳር ተራራ በኩል የመጣው ጎርፍ ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር። ውሃው ወደ መስመሩ ይፈሳል፣ ይገባል፣ ግን አይሞላም።

“ስማ” አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ሰማሁ። ብዙ ከብት ባንድ ጊዜ ውሃ ሲጠጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ከታች ይመጣ ነበር።

“የት ነው የሚሄደው?” አልኳት።

“እሱን ነው የማላውቀው” አለች። ረውዳ ስትፈራ ያየሁት ያኔ ነው። ፊቷ አልተለወጠም፤ ግን ከመሬቱ ስትነሳ እጄን ያዘች። የሰው እጅ የምትይዝ ሴት አልነበረችም።

በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ጉዳዩን አነሳችው። አቶ ታምራት በትዕግሥት አዳመጧት።

“መምህርት፣ መሬት ይሰነጠቃል” አሏት። “በበጋ ሜዳው ሁሉ ስንጥቅ ነው። ዛሬ ያየሽው ይመስል።”

“በበጋ የተሰነጠቀ ክረምት ሲገባ ይገጥማል፣ አቶ ታምራት። ይሄ በክረምት ነው የሰፋው።”

“ታዲያ ምን ላድርግ ነው የምትይኝ?”

“ሁለቱን የመጨረሻ ክፍሎች ባዶ ያድርጓቸው። ልጆቹ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ይጠጋጉ። ባለሙያ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ብቻ።”

“ሁለት ክፍል ስዘጋ ወላጅ ለምን ይለኛል። ምን ልበለው?”

“ያዩትን ይንገሩት።”

አቶ ታምራት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። “ያየሁትን ከነገርኩትማ ልጁን ይዞ ይሄዳል። መስከረም ላይ የምናስተምረው ሰው አይኖርም” አሉ። ከመምህራኑ አንዱ፣ ይህን ወሬ ሌላ ኮሌጅ እያስወራው እንዳይሆን ብሎ አጉረመረመ። ረውዳ ሰምታዋለች። እኔ እሷን ደግፌ ተናገርኩ። የታሪክ መምህር ስለ መሬት ምን ያውቃል ተባልኩ፤ ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

በማግሥቱ ጓዟን ይዛ መጣች። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ መስገጃና አንድ ባልዲ። ከሁለቱ የመጨረሻ ክፍሎች ምሕረትንና ጓደኞቿን ወደ ላይ አስወጥታ፣ ራሷ መጨረሻው ላይ ገባች። ልጃገረዶቹ በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው መተኛት ስላለባቸው ተቆጡ። ምሕረት ዛሬ ድረስ እያፈረች ታወራዋለች፤ “ቲቸር፣ እርስዎ ቤት ስለሌለዎት ነው እኛን የሚያስወጡን?” ብላት ነበር።

“አዎ” አለቻት ረውዳ። “ቤት የለኝም በያቸው።”

አቶ ታምራት አንዲት መምህርት ከተማሪ ጋር አደረች ብለው ሊያባርሩ አልቻሉም። ዝም አሉ። ረውዳም እዚያ ክረምቱን ገፋች። ጠዋት ጠዋት በሯን ስትከፍትና ስትዘጋ፣ ደጋግማ ስትከፍትና ስትዘጋ ይሰማል። ልጆቹ አበደች ይሉ ነበር። እኔን ግን አንድ ቀን ጠርታ አሳየችኝ፤ በሩ ከወለሉ ጋር መፋተግ ጀምሯል። “በሩ አልተለወጠም” አለችኝ። “ቤቱ ነው የተለወጠው።”

አንድ ጠዋት በሩ ጭራሽ እምቢ አለ። ረውዳ በመስኮት ወጥታ፣ የማደሪያውን ልጆች ሁሉ ከነብርድ ልብሳቸው ዝናብ ላይ አወጣቻቸው። የክረምቱ ትምህርት የማጠቃለያ ፈተና ቀን ነበር። ልጆቹ ርሰው፣ ግማሹ እያለቀሰ፣ ግማሹ እየሳቀ አዳራሹ ደጃፍ ቆሙ። ፈተናው ተስተጓጎለ። ወላጆች ስልክ ደወሉ። እሷ በባዶ እግሯ ሜዳው ዳር ቆማ ጠበቀች።

ምንም አልሆነም።

በማግሥቱም ምንም አልሆነም። አናጺ መጥቶ በሩን ከታች በመላጊያ አስተካከለው፤ እንደ ድሮው ተከፈተ። አቶ ታምራት ረውዳን ቢሯቸው አስጠሩ። እኔም ነበርኩ፤ እንድገኝ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

“ክረምቱን በሙሉ ታገስኩሽ” አሏት። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የደከመ ነበር። “አሁን ግን ወይ አንቺ ወይ ኮሌጁ።”

“ልጆቹስ?”

“ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው።”

“እሺ” አለች። ወጥታ ጓዟን ሰበሰበች። የሁለቱን የመጨረሻ ክፍሎች በር ቆለፈች፣ ቁልፎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

ይህ የታወቀው በኋላ ነው። አቶ ታምራት እኔን ቤቷ ላኩኝ። ከተማ መሐል ከአንዲት መበለት የተከራየችው ክፍል ነው።

“ቁልፉን አምጪ ብለውሻል” አልኳት። “ለፖሊስ እናገራለሁ ነው የሚሉት።”

“ይናገሩ።”

“ሌባ ይሉሻል፣ ረውዳ።”

“ይበሉኛ” አለች። “ከጠፋ ቁልፍ የጠፋ ልጅ ይብሳል።” ከዚያ ሻይ ቀዳችልኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

አቶ ታምራት ፖሊስ አልጠሩም። ሰኞ አናጺ መጥቶ ቁልፉን ይሰብራል፣ ልጆቹም ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ ተባለ።

ቅዳሜ ነበር። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥቷል። የቅዳሜ ተማሪዎችን እያስተማርኩ ሳለ፣ ከሜዳው በኩል ረዥም ካቴና ድንጋይ ላይ ሲጎተት የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረውም። ልጆቹ ወደ መስኮት ሮጡ። ሜዳው ላይ ተኝቶ የነበረው ውሃ የለም። መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ መሬቱ አፉን ከፍቷል። የማደሪያው የመጨረሻ ክፍሎች ቆመው ነበር፤ ከዚያ ግድግዳቸው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ጎነበሰ፣ ሰው ለጸሎት እንደሚያጎነብስ፣ ጣሪያው ተከተለ፣ ቀጥሎ አቧራ ብቻ ሆነ። አቧራው ሲጠራ የብረት አልጋዎቹ እግር ከጉድጓዱ ውስጥ ወደ ሰማይ ቆሞ ይታይ ነበር።

አልጋዎቹ ባዶ ነበሩ። ምሕረት ከማደሪያው አጠገብ ቧንቧው ጋ ልብስ ታጥብ ስለነበር የጉድጓዱ ዳር ይዟት ወርዶ እግሯ ተሰበረ፤ ዛሬም ታነክሳለች። ከዚያ ሌላ ማንም አልተጎዳም።

ሕዝብ ግቢውን ሞላው። ረውዳ በባጃጅ ደረሰች። በሩ ላይ ስትወርድ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀላት። እኔ የሚያመሰግናት፣ የሚያቅፋት ሰው ጠብቄ ነበር። ማንም አልቀረባትም። አንዲት እናት ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ “ልጄ፣ ቀጥሎስ የት ነው?” አሏት።

“አላውቅም፣ አባባ” አለች።

እንዲህ ስትል ግን ዓይኗ ከጉድጓዱ ጫፍ ተነስቶ፣ በአጥሩ ላይ አልፎ፣ ወደ ከተማው ሄደ። የሄደው ለትንሽ ጊዜ ነው። ሰዉ ግን ሁሉ ዞሮ እሷ ወዳየችበት አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አፏን ትቶ ዓይኗን ማድመጥ ያዘ።

ኮሌጁ ተዘጋ። እኔ ወልቂጤ ሥራ አገኘሁ። ረውዳ ቡታጅራ ቀረች፤ ግን አላኖሯትም። “ያየችው” መባሏ ብዙም አልቆየም፤ “ያሟረተችው” ተባለች። ሱቅ በር ላይ ትንሽ ከቆመች ባለሱቁ ወጥቶ “ምን አየሽ?” ይላታል። ገበያ ስትሄድ የረገጠችውን ቦታ ተሻግረው ያልፋሉ። አንድ ቀን አከራይዋ እያለቀሰች፣ “እህቴ ረውዳ፣ ወላሂ ጠልቼሽ አይደለም። ከቤቴ የወጣሽ ቀን አንድ ነገር አይታ ነው ስለሚሉ ቤቴን የሚከራይ አላገኝም፤ ከቆየሽም ጎረቤት አይቀርበኝም። ሳይብስ ሂጂልኝ” አለቻት።

ወልቂጤ ወንድሟ ቤት ገባች። አልፎ አልፎ እኔ ዘንድ ትመጣ ነበር። ከስታለች፣ ስኳሩ ይዟታል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ይህ ነው፤ ቤቴ ስትገባ እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ትደብቃለች። መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ ነበር። ግድግዳዬን እንዳትነካ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

“ለምን አትነግሪያቸውም?” አልኳት አንድ ቀን። “የሚያሰጋ ነገር ካለ፣ ወይም ከሌለም የለም ብለሽ።”

“ድሮ ስነግራቸው ሳይጠይቁኝ ነበር” አለች። “አሁን ይጠይቁኛል፤ ግን እንዳልመልስላቸው እየፈሩ ነው። የለም ብላቸው አያምኑኝም። አለ ብላቸው ያመጣሽው አንቺ ነሽ ይላሉ።” ሻዩን እጇን ሳታወጣ መጠጣት ስለማትችል አንዱን ብቻ አወጣች። “ዝም ማለት ይሻላል፣ ወንድሜ። ዝምታ ማንንም አይጎዳም።”

በዚህ ተሳስታ ነበር። ያወቅሁት ለቅሶው ላይ ነው።

በሞተች በማግሥቱ መስቃን ወረድኩ። ድንኳኑ ከአባቷ ቤት ደጃፍ፣ ከእንሰቱ ጥግ ተተክሏል። ከቡታጅራ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ የመጣውም ጫፍ ጫፉን ነው የተቀመጠው። ምሕረት ከሴቶቹ ጋር ገብታ ታለቅሳለች። የረውዳን ወንድም አጽናንቼ ቦታ ስይዝ፣ አቶ ታምራት ከጥግ ተነስተው መጡ። አርጅተዋል። አጠገቤም ተቀመጡ።

“ባለፈው ክረምት ቡታጅራ ቤቴ መጥታ ነበር” አሉኝ በዝቅተኛ ድምፅ።

“ረውዳ?”

“እሷ። መታመሟን አውቃ፣ አውፍ እንባባል፣ ይቅር እንባባል ብላ። እኔ ነኝ አንቺን አውፍ በይኝ ማለት ያለብኝ አልኳት። ተላቀስን። ሻይ ጠጣች፣ ልጆቼን ሳመች። ልትወጣ ስትል በረንዳው ላይ ቆመችና ወለሉን አየች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ግን ምንም ሳትል ሄደች።” ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ጓደኛዋ ነበርክ። ስለ ቤቴ የነገረችህ ነገር አለ?”

“የለም” አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

“ምንም?”

“ምንም። ምናልባት የሚባል ነገር ስላልነበረ ይሆናል፣ አቶ ታምራት። ቢኖር ለእርስዎ መናገር አያቅታትም ነበር።”

“ነገረችኝ እኮ። በሙሉ ስብሰባ ፊት ነገረችኝ” አሉ። “ያኔ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ።”

ዱዓ ተደረገ፤ እሳቸውም አሚን አሉ። ተሰናብተው ሲወጡ እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው። መኪናው ውስጥ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ነበሩ፤ ከኋላ ፍራሽና ሻንጣ ተጭኗል። ወዴት ነው አላልኳቸውም። የሄዱት ወደ ቡታጅራ ሳይሆን ወደ አዲስ አበባ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ በዚያ በኩል አልፌያለሁ። የአቶ ታምራት ቤት ቆሟል። ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ሽጥልን ብለው ያልለመኑት ደላላ የለም ይባላል፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ነው። ጎረቤቶቹ ተራ በተራ እየለቀቁ ነው።